ቢራ ገብቷል፤ መድረኩስ?

ስለ መጠጥ መስሏችሁ የከፈታችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ አቦ። ይሄኛው ቢራ አይጠጣም። በአፋን ኦሮሞ ቢራ ማለት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ወቅት ነው። አማርኛውም ሩቅ አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ «ብራ ሆነ» እንላለን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ መፀው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው ጊዜ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ነው። የዛሬ 3 ዓመት በዚሁ ቀን፣ ወቅቱን በስሙ ተሸክሞት የኖረው ሰው አረፈ። አሊ ቢራ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አሊ መሐመድ ነበር። «ቢራ» የሚለውን የሰጠው መድረክ ነው። ገና ልጅ እያለ ስለ ቢራ መግባት የሚያወሳ ዘፈን ዘፈነ፣ ሰዉ ዘፈኑን ከልጁ ጋር አጣብቆ ጠራው፣ በቃ በዚያው ቀረ። ቀብሩም እዚሁ ድሬ ነው የተፈጸመው።

አንድ ከተማ ለወቅቱ ስም የተሰጠው አርቲስት ካላት፣ በዚያ ወቅት መድረኳ ላይ ምን አለ? ይህ ነው የዛሬ ጥያቄያችን። በያዝነው ሳምንት ቅዳሜ ማታ፣ ድሬ ውስጥ፣ ትኬት ቆርጣችሁ የምትገቡበት ቴአትር የት ነው? ለሚቀጥለውስ ቅዳሜ? መልሱን ለማግኘት ጎግል ማድረግ አያስፈልግም፣ ታውቁታላችሁ።

በዚሁ ወር አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ሞልቷል። ብሔራዊ ቴአትር 70 ዓመቱን ደፈነ። ሕንፃው ሲጀመር በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ሳያልቅ ጣሊያን ወጣ። ኋላ ንጉሡ የዘውድ በዓላቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ ጥቅምት 1948 ላይ፣ ተጠናቆ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ሥራ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በኃላፊነት የመሩትም ይህንኑ ቤት ነው። ሀገር ፍቅር ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። በ1927 ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ የዘመኑ ሰው ንግግርና ዘፈን ሊሰማ የሚሰበሰብበት።

ታሪኩ ጥሩ ነው፤ እኛን የበለጠ የሚያስቀናን ግን የቤቱ አሠራር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቴአትር እንደ ፊልም በየቀኑ አይታይም። ቀን ይሰጠዋል። አንዱ የማክሰኞ ነው፣ ሌላው የሐሙስ፣ ሌላው የእሁድ ከሰዓት። ያ ቀን ለወራት የእሱ ነው፤ ተመልካች ካለው ለዓመታት። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» እንዲህ እየተባለ ከ10 ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆይቷል። በመስከረም አዲሱ ዓመት ሲገባ ፕሮግራሙ ይታደሳል፣ የበዓል ዝግጅት ይጨመራል፣ አዳዲስ ሥራዎች ተገምግመው ቀን ይያዝላቸዋል። ሰዉ ከሥራ ወጥቶ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ለምዷል። ማስታወቂያ ሳያይ እንኳን «ዛሬ እሁድ አይደል፣ እስቲ ብሔራዊ ምን አለ?» ብሎ የሚሄድ ሰው አለ።

በዓለም ላይም ይኸው ነው። ኒውዮርክ ያለው ሊንከን ሴንተር ውስጥ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ወቅቱን የሚከፍተው በመስከረም ነው፤ የትኛው ሥራ በየትኛው ምሽት እንደሚታይ ከወራት በፊት አውጥቶ ትኬት ይሸጣል። እነሱ «የመፀው ወቅት» ሲሉ የአየር ጠባዩን ማለታቸው አይደለም። የታተመ የቀን ዝርዝር ማለታቸው ነው። የእነሱ በጀት የእኛ እንዳልሆነ እናውቃለን። የቀን ዝርዝር ማውጣት ግን በጀት አይጠይቅም፣ በቃል መቆም ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

ታይዋን ገበያ ግቡ። ስልክ ልትገዙ ብትገቡ ሻጩ ስልኩን ብቻ አያሳያችሁም፤ የስልክ ማቆሚያውን፣ ክብ መብራቱን፣ ደረት ላይ የሚሰካውን ትንሿን ማይክ ያወጣላችኋል። ለምን? ገዢ ስላለው። ይህ ገበያ ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል በሚገባ ዕቃ የኖረ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከሚሸጠው ኤሌክትሮኒክስ ነው ይባላል፤ ከሰው በፊት ፍላጎት ያሸታል። ዛሬ የሚያሸተው ደግሞ የድሬ ልጅ መተወን እንደሚፈልግ ነው። የምትስቁባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች አስቡ። አንድ ደቂቃ ውስጥ እናት በኦሮምኛ ትቆጣለች፣ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል፣ ጎረቤት በሶማሊኛ ይገባል፣ ሁላችንም ያለ ትርጉም እንስቃለን። ይህን ሌላ ከተማ በቀላሉ አያመጣውም።

ስለዚህ «ድሬ ተሰጥኦ የላትም» የሚል ካለ ስልኩን ይክፈት። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስልክ ተዋናይን የሚያስተምረው የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንዶች ነው። ሰው ጣቱን እንዳያንሸራትት ቶሎ መጮህ፣ ቶሎ መውደቅ፣ ቶሎ ማሳቅ። መድረክ ላይ ግን 300 ሰው ፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል መቆም አለ። እዚያ ጣት የሚያንሸራትት የለም፤ ሰው ከሰለቸው ያስላል፣ ወንበር ያንቋቋል፣ ይስቃል መሳቅ በሌለበት ቦታ። ተዋናዩ በሁለተኛው ሳምንት ያቺን ቦታ ያስተካክላታል፣ በሦስተኛው ሌላ ይጨምራል። ቴአትር የሚሠራው እንዲህ በመደጋገም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቴአትር ልምምድ እንጂ ቴአትር አይደለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ድሬ ላይ ደግሞ የሚሆነው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ነው። በዓል ሲደርስ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር፣ ዘመቻ ሲኖር መድረክ ይተከላል፤ ልጆቹ ይጠራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ አጭር ድራማ ያሳያሉ፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ መድረኩ ይነቀላል። ከአዲስ አበባም ቴአትር ይመጣል፤ ፖስተር ይለጠፋል፣ መኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ከከዚራ እስከ መጋላ ይዞራል፣ አንድ ወይ ሁለት ማታ ታይቶ ይሄዳል። መምጣታቸው መልካም ነው፣ እኛም ገብተን አይተናል። ግን ከእንግዳ የተረፈ ወቅት አይኖርም።

አንድ ጊዜ ግን ድሬም ሆነች ሌሎች ከተሞች ወቅት የሚመስል ነገር ነበራቸው፤ ትልልቆቹን ጠይቁ። በ1990ዎቹ የጸረ ኤድስ ክበብ ያልነበረበት ትምህርት ቤትና ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር። ክበቡ ድራማ ነበረው፣ ድራማው ቀን ነበረው፣ ጸሐፊው፣ አዘጋጁ፣ ልብስ የሚያሰባስበው ልጅ ነበር። ዛሬ በቴሌቪዥን የምታዩአቸው ብዙ ተዋንያን የጀመሩት ከእንዲህ ዓይነት ክበብ ነው። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነበር እርግጥ፤ ልጁ ከተማ ይገባል፣ ይሳሳታል፣ ይመረመራል። ቢሆንም በየሳምንቱ መድረክ ላይ መውጣት ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲዘጋ መድረኩም አብሮ ተዘጋ። ያኔ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ የሌላ ሰው ዓላማ ላይ የተንጠለጠለ መድረክ ዓላማው ሲያልቅ እንደሚያልቅ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አሊ እንመለስ፤ የእሱ መንገድ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያሳያልና። በ1950ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ውስጥ አፍረን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን ተመሠረተ። አሊ ቢራ፣ አሊ ሸቦና ሌሎችም ልጆች የወጡበት ነው። ቋሚ አዳራሽ አልነበራቸውም፤ መድረካቸው ሰርግ ነበር። በኦሮምኛ መዝፈን በራሱ በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ስለነበር መንግሥት ጫና አደረገባቸው፣ ቡድኑም ተበተነ። አሊ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ገብቶ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሠራ፤ እነ ጥላሁን ገሠሠ ያሉበት ቤት። ለምን ሄደ? እዚያ ደመወዝ ነበር፣ የልምምድ ሰዓት ነበር፣ የሚጠበቅ ዝግጅት ነበር። በአጭሩ ወቅት ነበር። ድሬ ድምፁን ሰጠችው፣ አዲስ አበባ ፕሮግራሙን።

ያኔ ቢያንስ ምክንያቱ የፖለቲካ አፈና ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሐረሪም ለመዝፈን የሚከለክል የለም። ግን ቪዲዮው ትንሽ የታየለት ልጅ ዛሬም የመጀመሪያ ሐሳቡ «አዲስ አበባ ልግባ» ነው። ስድሳ ዓመት አልፎ አውቶቡሱ ብቻ ነው የተቀየረው።

«ድሬ እኮ የንግድ ከተማ ናት፣ ቴአትር ባህላችን አይደለም» የሚሉን አሉ። ይሄን አንቀበልም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ቴአትር የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልጅነታቸውን ሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት ያሳለፉ፣ ኋላም ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ ሰው ናቸው። በእንስሳት ተረት አድርገው ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ኮሜዲ ጻፉ፣ ታየ፣ ታገደ። የዛሬ መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት መሆኑ ነው! በሌላ በኩል ደግሞ ሶማሌዎች ሪዋያድ የሚሉት ቴአትር አላቸው። ሐርጌሳና ሞቃዲሾ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነገሠ ጥበብ ነው፤ ዛሬ ሰርግ ላይ የምትሰሟቸው ብዙ የድሮ የሶማሊኛ የፍቅር ዘፈኖች መጀመሪያ የተዘፈኑት ቴአትር ውስጥ፣ በገጸ ባሕርይ አፍ ነው። ከሁለቱም ወገን ባዕድ አይደለንም ማለት ነው። እንደውም ባቡሩ በ1895 እዚህ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ ከፈረንሳይ፣ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከየመን፣ ከህንድ የመጣው ሁሉ የየራሱን ሙዚቃና ጭፈራ ይዞ የገባባት ከተማ ናት።

እሺ፣ ገንዘቡስ? ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ቁጭ ብለን ሒሳብ እንሥራ። እንበልና 300 ሰው ይግባ፣ ትኬቱ 100 ብር ይሁን። 30 ሺህ ብር ነው፣ በአንድ ማታ። ከዚህ ላይ ለድምፅና ለመብራት፣ ለጥበቃና ለጽዳት ቀንሱ፤ ለ8 ተዋናይ የሚደርሰው ለኑሮ አይበቃም፣ ለትራንስፖርትና ለልምምድ ግን ይተርፋል። አንድ ማታ ብቻ ከሆነ ከስሯል፤ ልብሱ፣ ዕቃው፣ የሁለት ወር ልምምዱ አልተመለሰም። 9 ማታ ቢደጋገም ግን ልብሱ ያው ልብስ ነው፣ ልምምዱም ያው። ወጪው ይከፋፈላል። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ለአንድ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ለወራት የሚሰጡበት አንዱ ጥቅም ይሄ ነው። አዳራሹ በነፃ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።

አዳራሽ የለም እንዳትሉን። ድሬ ስብሰባ የሚካሄድበት፣ ሥልጠና የሚሰጥበት፣ ምርቃት የሚከበርበት፣ ሰርግ የሚደገስበት ቦታ አጥታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ አላት። አሊያንስ ፍራንሴዝ አላት። የሌለው በአዳራሹ የቀን መቁጠሪያ ላይ «ቅዳሜ ማታ፦ ቴአትር» ተብሎ በማይፋቅ ቀለም የተጻፈ መስመር ነው። እዚህ አገር ቴአትርን ከገደሉ ነገሮች አንዱ «ስብሰባ ስላለ ተራዝሟል» የምትለው ወረቀት ናት። አንድ ቅዳሜ ሰዉ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ካገኘው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሹ አይመጣም። በሦስተኛው ማንም አይመጣም። ከዚያ «ሕዝቡ ቴአትር አይወድም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ጣሪያ ካልተገኘም ድሬ ናት እኮ! አዲስ አበባ ለጣሪያዋ ብትጨነቅ እውነቷን ነው፣ ማታ ይበርዳል። እኛ በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን የቆላ ልጆች ነን። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዝናብ የሌለበት፣ ሙቀቱም የሚለሳለስበት፣ ማታ ውጪ መቀመጥ የሚያስደስትበት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ አዳራሽ ውስጥ 300 ሰው ማጨቅ ቅጣት ይሆናል፤ አሁን ግን ግቢ፣ ወንበርና መብራት ካለ በቂ ነው። (መብራት ቢሄድስ? ጄነሬተር። ጄነሬተሩ እምቢ ቢልስ? ታይዋን ምን ይሠራል፣ የባትሪ መብራት ሞልቷል።)

ሰዓቱን ግን ከአዲስ አበባ መኮረጅ የለብንም። እዚያ 11 ሰዓት ተኩል የሚመረጠው የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ እንዲገባ ነው። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላው የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በርጫው ሳያልቅ የሚነሳ የለም። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከመግሪብ ሶላትም በኋላ፣ ከተማው ሻወር ወስዶ ሽቶ ተቀብቶ በባጃጅ ሲወጣ፣ ያኔ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ የሚያልቅ ሥራ ቢሆን ሴት ተመልካችም ያለ ሐሳብ ቤቷ ትገባለች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ግማሹን ተመልካች የሚወስነው እሱ ነው።

ቋንቋውስ? እዚህ ላይ እኛ ራሳችን ስንከራከር ነው የሰነበትነው። አንዳንዶቻችን ቅዳሜዎቹን እንከፋፍል ባይ ነን፦ አንዱ የኦሮምኛ፣ አንዱ የሶማሊኛ፣ አንዱ የአማርኛ። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን የአንዱ ቋንቋ ተናጋሪ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ልማድ ደግሞ በሦስት ሳምንት አንዴ አይገነባም። ሌሎቻችን የምንለው፣ ልጆቹ በስልክ የሚሠሩትን ለምን መድረክ ላይ አናመጣውም? የደቻቱ ማዶ ቤተሰብና የከዚራ ቤተሰብ በአንድ መድረክ፣ እያንዳንዱ በቤቱ ቋንቋ እየተናገረ። ድሬ ያደገ ሰው ይከተለዋል። ያልገባው ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል፣ ይህም ራሱ የትዕይንቱ አካል ይሆናል። አዲስ አበባ ያሉት ቴአትር ቤቶች ይህን ሊሠሩ አይችሉም። ተዋንያን ስለሌላቸው አይደለም፣ ተመልካቹ ስለሌላቸው ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት። ደሴ ወሎ ባህል አምባ አላት። እነዚህ ከተሞች በክልል ሥር ሆነው ይህን ካገኙ፣ በ1996 በወጣ ቻርተር ራሷን የቻለች አስተዳደር የሆነችው፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ድሬ የምታንስበት ምክንያት አይታየንም። ከድንበር ማዶ ሐርጌሳን ደግሞ ተመልከቱ። ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ታካሂዳለች፤ ሐምሌ ሲመጣ ከጅቡቲም፣ ከጅጅጋም፣ ከናይሮቢም ሰው ያውቀዋል። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ ሰው ጉዞውን በሱ ያቅዳል፣ ሆቴሉም ይሞላል። የንግድ ከተማ ነን ካልን ይህን ማስላት የሚገባን እኛ ነበርን።

የራሱ ሕንፃ ሳይኖረው የቆመም አለ። አዲስ አበባ ላይ «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» ለዓመታት በራስ ሆቴል አዳራሽ ሲካሄድ ነበር። በወር አንድ ረቡዕ ብቻ። ገጣሚ፣ ጥቂት ሙዚቀኞች፣ አንዳንዴ አጭር ተውኔት ወይም ንግግር። ሰዉ ቆሞ ነበር የሚያየው። ያንን ያቆመው ረቡዕዋ ናት፤ ሆቴሉማ የሰርግ አዳራሽ ያለው ሌላም ሆቴል አለ። ራስ ሆቴል የሚባል ስም ደግሞ ለድሬ ልጅ አዲስ አይደለም።

እኛ እንደ ገጽ ምን ማድረግ እንችላለን? ብዙ አይደለም፣ እውነቱን እንነጋገር። አዳራሽ የለንም፣ ተዋናይ አንቀጥርም። ያለን የእናንተ ስልክ ነው። አንድ ቡድን፣ የትኛውም ቡድን፣ ተከታታይ ቅዳሜዎችን ይዞ ቢመጣ ፕሮግራሙን በየሐሙሱ ያለ ክፍያ እናወጣለን። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚካሄድ ዝግጅት ግን ይህን አናደርግም፤ ለእሱ መኪና ላይ የሚዞረው ድምፅ ማጉያ ይበቃዋል። ቴአትሩ ደካማ ከሆነም ደካማ ነው ብለን እንጽፋለን። ይሄን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ድሬ ላይ የቀረበን ሥራ ማንም ገምግሞት ስለማያውቅ፣ ልጆቹ ጭብጨባና ስድብ ካልሆነ በቀር ሌላ መልስ አግኝተው አያውቁም። «ሁለተኛው ክፍል ረዘመ፣ የእናትየዋ ድምፅ ከኋላ አይሰማም» የሚላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ አይበልጥም፦ አንድ ግቢ ወይም አንድ አዳራሽ፣ በሳምንት አንድ ማታ፣ በጽሑፍ። ስብሰባ ቢመጣ ስብሰባው ይዛወር። የመጀመሪያው ሳምንት 40 ሰው ብቻ ቢገባ ሁለተኛው አይሰረዝ። 40ው ሰው ነው ሦስተኛውን ሳምንት የሚሞላው፣ «ሄጄ አየሁት» እያለ።

የዘንድሮው መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ድረስ 13 ቅዳሜዎች ነበሩት። አራቱ አልፈዋል። 9 ቀርተዋል፣ የመጀመሪያው ከነገ ወዲያ ነው። ለእሱ ማንም አይደርስም። ለኅዳር 20ው ግን፣ ዛሬ ልምምድ የጀመረ ቡድን ካለ፣ ይደርሳል። ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የቡድናችሁን ስም፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትሠሩና ስንት ቅዳሜ መያዝ እንደምትችሉ ብቻ።